ስለ ፒስተኑ በሌላ ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ለልጄ ለካንዴላ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው የሞተ መስሎኝ በር ላይ እንደቆምኩ ቀደድኩት። ስለ ቱርቦ መሆኑን ሳይ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ፣ አልደብቅሽም፣ ትንሽ ከፋኝ። እናትሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአንቺ የደረሰኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይሄ ነው።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽኝ፣ አነሳለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። አርባ ዓመት ኮፈኖ ስር አንገቴን ቀብሬ ሞተር ሲጮህብኝ ኖሬ ጆሮዬ ዛሬ የሚሰማው ጭው የሚል ነገር ብቻ ነው። ድሮ እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምትይውን ሁሉ እየደገመች ትጮህልኝ ነበር። አሁን የሚደግምልኝ የለም። በስልክ መልእክት እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ጣቴ አንዱን ፊደል እነካለሁ ሲል ሦስቱን ይጫናል። ወረቀት ይሻለናል።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። ቱርቦ ከባድ ነገር አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ ከሚባክን አንዲት ትንሽ ፋን ያሽከረክራል፤ ፋኗ ደግሞ ንጹሕ አየር በግድ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይጨመራል፣ ጉልበት ይመጣል። ያንቺ መኪና ግን አራት በር ይዛ እንደ እሽቅድምድም መኪና እንድትሮጥ ብትሠራም፣ ቱርቦ ይገጠምብኛል ብላ አልተዘጋጀችም። "ይቻላል ወይ? ስንት ይፈጃል?" ላልሽው በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ መልስ የለኝም። ቀስ እያልን እንሄድበታለን። እስከዚያው እነዚህን ጻፊልኝ፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች? ዘይት ትበላለች ወይ? ጠዋት ስትነሳ ድምፅዋ እንዴት ነው? ቱርቦስ ምን ያደርግልሻል? በመመሪያ መጽሐፏ ላይ ስለ ሞተሩ የተጻፈውን ገጽ እንዳለ ገልብጪልኝ።

አንቺስ ራስሽ እንዴት ነሽ? አልነገርሽኝም።

አባትሽ

ጥቅምት 28

አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው፤ ያው ሲሚንቶ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የኮንክሪት ኪዩብ በማሽን ስሰብርና ስንት ኪሎ እንደቻለ ስመዘግብ እውላለሁ። የምሠራው ብቻዬን ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ከማሽኑ በቀር የሚያናግረኝ የለም።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅህ። ባለፈው መጥቼ በአራተኛው ቀን የተመለስኩት ሥራ ኖሮብኝ አልነበረም። "ሻይ ልቅዳልህ?" እያልኩ ስጮህ ጎረቤትህ ናቸው በአጥር በኩል "ይፈልጋል፣ ቅጂለት!" ብለው የመለሱልኝ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። አንተ ግን ምንም ሳታውቅ ጋዜጣህን ታነብ ነበር። ከዚያ በላይ መቀመጥ አቃተኝ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ዘጠና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ዘይት አትበላም። ጠዋት አንዴ ነክቻት ትነሳለች፣ ድምፅዋ ያምራል። ከመጽሐፉ ሙሉውን ገጽ ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። "የእመቃ መጠን አሥራ አንድ ለአንድ" የሚለው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አንተ ታውቀዋለህ።

ቱርቦ ምን ያደርግልሻል ላልከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ከከተማው ወጣ ብሎ የድሮ የጭነት መኪና መመዘኛ ግቢ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪና የሚወዱ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሰላምታቸው "ምን አስገባህበት?" ነው። አንዱ ፍሬን ቀይሬያለሁ ይላል፣ አንዱ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ፣ ከዚያ ኮፈኖ ተከፍቶ ሁሉም ጎንበስ ይላል፣ ሲስቁ ሲከራከሩ ይመሻል። እኔን "ምን አስገባሽበት?" ሲሉኝ "ምንም" አልኳቸው። እሺ ብለው ወደ ሌላው መኪና ሄዱ። በዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ስኖር ከሥራ ውጭ የሆነ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ያገለገለ ቱርቦ ገዛሁ።

ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ለምን አትጽፍልኝም? ጠዋት ጠዋትስ ምን ትሠራለህ?

ካንዴላ

ኅዳር 17

ካንዴላዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ለምን አትጽፍም ብለሽ የተቆጣሽው ቁጣ ወረቀቱ ላይ ይታያል። የጋራዡ ሰዎች በስድስት ዓመትሽ ካንዴላ ብለው ያወጡልሽ ስም አሁንም ልክሽ ነው፤ ሞተር ውስጥ ነዳጁን እንደምትለኩሰው ካንዴላ ለመቀጣጠል ማን ብሎሽ። ሥራ ግን በተራ ነው የሚሠራው። ሁሉን ባንዴ ብዘረግፍልሽ ይደበላለቅብሻል።

ዛሬ ስለ አየሩ ነው የምነግርሽ። ቱርቦ የገፋው አየር ይግላል። የጋለ አየር ሞተር ውስጥ ሲገባ ነዳጁ ካለ ሰዓቱ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ስለዚህ አየሩን የሚያበርድ ኢንተርኩለር ከራዲያተሩ ፊት ለፊት መግባት አለበት። ለቱርቦው ራሱ ዘይት የሚያደርስ ቱቦና ዘይቱን የሚመልስ ቱቦ ያስፈልጋል። የሚመልሰው ወፍራም ይሁን፤ በእሱ ቆጥበው ቱርቦ ያቃጠሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያቀብለው ፍሪሲዮንም ለከባድ ጉልበት በተሠራ ዓይነት ይቀየር፤ ያንቺ ፍሪሲዮን ያን ሁሉ ጉልበት አይችለውም።

ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ ላልሽኝ፣ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። የምልከው ባይኖረኝም እሄዳለሁ። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ የለም ማለቷ ነው። ባለፈው ደብዳቤሽን ከፍ አድርጋ ስታሳየኝ በአፏ ቅርጽ የተረዳሁት "አባቴ፣ ፍቅር ያዘዎት እንዴ?" የሚል ነው። ወረፋው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ አራት ጊዜ አነበብኩት።

ቤቱ ጭር ብሏል። ምን እንደምልሽ እንጃ፣ ግድግዳው ራሱ ሰልችቶኛል።

አባትሽ

ታኅሣሥ 20

አባዬ፤

እንዴት ነህ? ቆየሁብህ፣ ይቅርታ። ኢንተርኩለሩን ገዛሁ። ፍሪሲዮኑንም ባልከኝ ዓይነት አግኝቼዋለሁ፤ የሁለት ወር ደመወዜን ጠራርጎ ሄደ። ዕቃው ሁሉ አልጋዬ ስር ነው። ሌሊት ስገላበጥ የሞተር ዘይት ይሸተኛል፤ ያንተ ቱታ ሽታ ነው፣ አይከፋም።

አንድ ነገር ልንገርህና አትቆጣ። ደብዳቤዎችህን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤ እሄዳለሁ። ኮፈኖው ላይ ተደግፌ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ስለ ቤቱና ስለ እማዬ የጻፍከውን እዘለዋለሁ፣ አይዞህ። ስለ ዘይት መመለሻ ቱቦው ሳነብላቸው አንዱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ! አሁን ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ "የሽማግሌው ደብዳቤ መጣ?" ይሉኛል። ካልመጣ ያዝናሉ። በእውነት ነው የምልህ፣ ከመኪናዬ ይልቅ ያንተ ደብዳቤ ነው ሰው ያደረገኝ።

ዕቃውን የሚገጥምልኝ ጓንቴ የምንለው መካኒክ ነው። ጓንት ሳያደርግ ቦልት አይነካም፣ ግን ጎበዝ ነው። እሱ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ ብሎኛል። "አባትሽ ስለ ፒስተኑ ምንም አላሉም? ስለ ሁሉም ነገር ጽፈው ስለ ፒስተኑ ዝም ማለታቸው ገርሞኛል" አለኝ። አንተ ዝም ካልክ ችግር የለውም ማለት ነው ብዬ መለስኩለት። ለማንኛውም ጻፍልኝ። ጥር አጋማሽ ላይ መግጠም እንጀምራለን ብሏል።

ካንዴላ

ጥር 6

ልጄ፤

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ደብዳቤዬን ለሰው ማንበብሽ አላስቆጣኝም። ማታውን ሙሉ ደስ ብሎኝ እየተንጎራደድኩ አመሸሁ፤ እኔን የሚሰማኝ ሰው አለ ማለት ነው። የእጅ ጽሑፌን ለማሳመር ይኸው መስመር ያለው ወረቀት ገዛሁ።

ዛሬ ስለ ፍሬን ነው። ሰው ሁሉ ለመሮጥ ያወጣል፣ ለመቆም ማውጣት ይረሳል። የፊቶቹን ዲስኮች በሰፊ ቀይሪያቸው። የነዳጅ ፓምፑም ሆነ ነዳጁን የሚረጩት መርፌዎች ተለቅ ያሉ መሆን አለባቸው፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም እንደ አዲስ ይስተካከላል። ለሱ ብቻ የሚከፈለው ቱርቦውን ከገዛሽበት አያንስም።

ጓንት የሚያደርግ መካኒክ እኔ አላምንም። ስለ ፒስተኑ በሌላ ደብዳቤ።

አባትሽ

ጥር 13

ልጄ፤

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። በአስቸኳይ ነው የላክሁት። መግጠም ካልጀመራችሁ አትጀምሩ። ጀምራችሁ ከሆነ አቁሙ። ገጥማችሁት ከሆነ ሞተሩን እንዳታስነሺው።

ጓንቴ ልክ ነው። አሥራ አንድ ለአንድ ማለት ያንቺ ሞተር ያለ ቱርቦም አየሩን እስከ መጨረሻው አጥብቆ የሚጨምቅ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ቱርቦ ተጨማሪ አየር ሲጠቀጥቅበት አየሩን የሚጨምቀው ፒስተን ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይቀልጣል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ቢየላም ይቆረጣል። እንዲችል ከተፈለገ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ፒስተኑም ቢየላውም መለወጥ አለበት። ያ ሁሉ ሲደመር ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። እሷን ሸጠሽ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ የገጠመላትን ብትገዢ ይረክስሻል። መልሱ ይኸው ነው።

ይህን ያወቅሁት ኅዳር ላይ ነው። የገለበጥሽልኝን ገጽ ገና ሳነብ አወቅሁ። ጋራዥ እያለሁ ደንበኛ ኮፈኖ ከፍቶ ሳይጨርስ "አትድከም፣ ሽጣት" የምል ሰው ነበርኩ። ባለቤቱ "አንተ ሰውዬ ገበያዬን ዘጋህብኝ" እያለ ይጮህብኝ ነበር። ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ እውነቱን ስናገር ኖሬ ለገዛ ልጄ ደበቅሁ።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ መልሴ አሳፋሪ ነው። "አይሆንም" ብዬ ብጽፍ "እሺ አባዬ፣ አመሰግናለሁ" ብለሽ ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ስለ ዘይት ስጽፍ ስለ ዘይት ትመልሺልኛለሽ፣ ስለ ፍሪሲዮን ስጽፍ ስለ ፍሪሲዮን። አንድ ደብዳቤ፣ ደግሞ አንድ ደብዳቤ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። በየደብዳቤው ደመወዝሽን እንዳስጨረስኩሽ አውቃለሁ። ያለፈው ሳምንት ደብዳቤ ግን ይብሳል፤ ጓንቴ የጠየቀውን እያወቅሁ ዘለልኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ራሱ ይከብደኛል።

ናፍቀሽኛል። ሌላ ምንም ሰበብ የለኝም።

አባትሽ

የካቲት 10

ልጄ፤

ደብዳቤዬ ደርሶሽ ይሆን? ብትቆጪም ልክ ነሽ። "ደርሶኛል" ብለሽ አንዲት ቃል ብቻ ጻፊልኝ። መኪናዋን አስነሳሻት? የፖስታ ቤቷ ልጅ አሁን ራሷን መነቅነቅ ትታ ሌላ ሥራ ያላት ትመስላለች፤ አታየኝም።

ስልክ ደወልኩልሽ። አንስተሽው እንደሆነ አላወቅሁም። "ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?" እያልኩ ብዙ ጊዜ ተናገርኩና ዘጋሁት።

አባትሽ

መጋቢት 2

ልጄ፤

ጎረቤታችንን ስልክ አስደወልኳቸው። አይነሳም አሉኝ። ፋብሪካው ዘንድ አስደወልኳቸው፤ ፈቃድ ላይ ናት ብለው መልሰውላቸዋል። ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ አልነገሯቸውም።

ማታ ማታ ያ በመዶሻ የሚመታ ድምፅ ይሰማኛል። የምሰማው ጆሮ እንደሌለኝ አውቃለሁ፣ ግን ይሰማኛል። የምትይኝን ሁሉ በይኝ፤ ብቻ በሕይወት እንዳለሽ ልወቅ።

አባትሽ

መጋቢት 24

አባዬ፤

አለሁ። ጽሑፌ ስለተንጋደደ አትደንግጥ፤ በግራ እጄ እንደምጽፍ ታውቃለህ፣ የተሰበረው ግራ ክንዴ ነው። ጀሶው የወጣው ትናንት ነው።

የጥር አሥራ ሦስቱ ደብዳቤህ የተላከው በአስቸኳይ ቢሆንም ቤቴ የገባው ማክሰኞ ነው። መኪናዋን ያስነሳናት ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ጓንቴ እስከ መጨረሻው "አባትሽ ይመልሱልን፣ እንጠብቅ" ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ "አባቴ በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ኖሯል" ብዬ የሞገትኩት። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ንፋስ ነበር የሄደችው፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። በሁለተኛው ቢየላው የሞተሩን ጎን ሰብሮ ወጣ። ዘይቱ ጎማዬ ስር ፈስሶ መኪናዋ ተንሸራታ ተገለበጠች። የቀረውን ልተወው።

ስልክህን አንስቼው ነበር። "ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?" ስትል ሰምቼሃለሁ። እየጮህኩ "ክንዴ ተሰብሯል" አልኩህ፤ አንተ "ደህና ነኝ" አልከኝ። ከዚያ በኋላ የማንንም ስልክ አላነሳሁም።

በጣም ተናድጄብህ ነበር። አሁንም አልወጣልኝም። ኅዳር ላይ "አይሆንም፣ ግን ናፍቀሽኛል" ብለህ ብትጽፍ ኖሮ እመጣ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ምናልባት ላልመጣ እችል ነበር። ግን ክንዴ ደህና ይሆን ነበር፤ አንተም እንደዚህ አትንገበገብም ነበር።

የመመዘኛው ግቢ ሰዎች ሆስፒታል ድረስ ወስደውኛል፣ አንዱ ብርቱካን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። አልፈርድባቸውም፤ የሚያወሩት ስለ መኪና ነው፣ እኔ መኪና የለኝም። ቀሪዋን ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ጭኖ ወሰዳት። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዜን በአንድ እጄ መቆለፍ አቅቶኝ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የምጠራው ሰው ሳስብ አንድም ሰው አጣሁ። በመጨረሻ የምኖርበትን ግቢ ዘበኛ ሚስት ለመንኳት። እሷም ስሜን ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት እዚያው ግቢ ኖሬ።

አሁን ስለ መኪና የምጠይቅህ ነገር የለኝም። ሌላ ምን ብለን እንደምንጻጻፍ ደግሞ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?

ልጅህ

ሚያዝያ 3

ልጄ፤

እኔም አላውቅም። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀደድኩ። ክንድሽ የተሰበረው በእኔ ብዕር ነው፤ ይህን ጽፌ ቀጥሎ ምን ልጽፍ እችላለሁ? ተናድጄብሃለሁ ያልሽኝን ተቀብያለሁ። እንዲወጣልሽ አልለምንሽም።

እስካሁን ያልመጣሁት ሳትጠሪኝ መምጣት ስለከበደኝ ነው። እናትሽ ብትኖር "ልጅህ ናት እንጂ ደንበኛህ ናት እንዴ፣ ቀጠሮ የምትጠብቀው?" ትለኝ ነበር። አንቺም ዘንድ ጮክ ብለሽ የምታናግሪው ሰው ልሆንብሽ ነው፤ ይህን አውቄ ነው የምመጣው። ጎረቤቶችሽ ይስሙን። ቢያንስ ስምሽን ያውቃሉ።

ትኬት ቆርጫለሁ። ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድራለሁ። ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ እኔ ከመድረሴ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ አትምጣ እንዳትይኝ ጊዜውን ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩት። መልስ አትጻፊልኝ፤ የሚያነበው ሰው ቤት የለም።

አውቶቡሱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል ብለውኛል። ሥራ ጀምረሽ ከሆነ ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ። መናኸሪያው በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ፤ ብትቆዪም አልሄድም።

አባትሽ